ስለ ትልልቅ ከተሞች ስትጽፉልን ስንተኛ ጉዟችሁ እንደሆነ ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን ስለ ለንደን የሚያወሳ ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ጸሐፊው በከተማዋ አራት ቀን ሰንብተው ሲመለሱ የደረሱበት ድምዳሜ "ሰው ሰውን የማያይባት ጨካኝ ከተማ" የሚል ነው። ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ተጽፏል፤ ጸሐፊውም ያዩትንና የተሰማቸውን በሐቅ እንዳሰፈሩ አልጠራጠርም። እኔም ከዓመታት በፊት ከዚያችው ከተማ ስመለስ ለወዳጆቼ የነገርኋቸው ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራዬ በየጥቂት ዓመቱ እየወሰደኝ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ደርሼባታለሁ፤ በአምስቱም ጊዜ ይዤው የተመለስሁት ስሜት አንዱ ከሌላው የተለየ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጸሐፊውን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ስለ ትልልቅ ከተሞች የምናነበው አብዛኛው ነገር ከመጀመሪያ ጉብኝት የተቀዳ መሆኑ ምን እንደሚያስቀርብን ለማመልከት ነው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር፤ ከዚያ ጉዞ ከሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለኝም ሐውልት ወይም ቤተ መንግሥት ሳይሆን ደረጃ ነው። ሌስተር ስኩዌር ከተባለው ጣቢያ በምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሬ በሚቀጥለው ጣቢያ በኮቨንት ጋርደን ወረድሁ። አሳንሰሩ ደጃፍ የተኮለኮለውን ሰው ሳይ መጠበቁ ታከተኝና በስተጎን ወዳለው ጠመዝማዛ ደረጃ ገባሁ። ደረጃው 193 እርከን እንዳለው እዚያው ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ እኔ ግን ማስታወቂያውን ያየሁት በማግሥቱ ነው። ሰማንያኛው ይሁን መቶኛው እርከን ላይ ብረቱን ይዤ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ከኋላዬ የመጣ አንድ ወጣት ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ይቅርታ" ብሎ ጎኔን ታክኮ አለፈ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬ ለመናገር አፍራለሁ፤ በአጭሩ ከተማይቱ በሙሉ ጥላኝ የሄደች መሰለኝ። ማታ ይህን ላረፍሁበት ቤት ሠራተኛ ስነግረው ሣቀና፣ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት 260 ሜትር ገደማ መሆኑን፣ በእግር ቢሄዱት አምስት ደቂቃ እንኳ እንደማይፈጅ ነገረኝ።

ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ካርታውም ድርሻ አለበት። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ መሠረቱ ሃሪ ቤክ የተባለ የንድፍ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1931 የሠራውና በ1933 ታትሞ ለሕዝብ የተሰጠው ንድፍ ነው። ቤክ የኤሌክትሪክ መሥመር ንድፍ በሚመስል መልክ መሥመሮቹን ሁሉ ቀጥ አደረጋቸው፤ መሃል ከተማውን አሰፋው፣ ዳር ዳሩን ሰበሰበው፤ በመሬት ላይ ያለውን ርቀት ጨርሶ ተወው፤ ምክንያቱም ባቡር ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚያስፈልገው የት ወርዶ የት መቀየር እንዳለበት ማወቁ ብቻ ነውና። ይህ ለመንገደኛ ትልቅ ውለታ ነው። አዲስ የመጣ እንግዳ ግን ሳያውቀው በከተማዋ ውስጥ መኖሩን ትቶ በካርታው ውስጥ መኖር ይጀምራል፤ ከአንዱ ጉድጓድ ይገባል፣ ከሌላው ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፈር አያውቀውም። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ያየሁት፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሰባት ወይም ስምንት ደሴቶችን ነው። እንዲህ ተቆራርጣ የታየችኝ ከተማ ደግሞ ብትጨክንብኝ አያስገርምም፤ የማላውቃትን ከተማ ምን ያህል እንደማላውቃት እንኳ አላወቅሁም ነበርና።

እንግዳ ሰው ቶሎ የሚደክመውና ቶሎ የሚከፋው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሳይንስ አለ። የአእምሮ ተመራማሪው ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጦች አእምሮ ውስጥ እንስሳው በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲገኝ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳየ፤ ሜይ-ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ደግሞ በ2005 ቦታን እንደ መረብ ከፋፍለው የሚለኩ ሌሎች ሕዋሳትን ይፋ አደረጉ፤ ሦስቱም በ2014 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ቦታን ማወቅ እንግዲህ አካል የሚሠራው ሥራ ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። በዚያችው በለንደን የታክሲ ሹፌር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ቻሪንግ ክሮስ ከተባለው ቦታ በስድስት ማይል ዙሪያ ያሉትን 25,000 ያህል ጎዳናዎች ያለ ካርታ እንዲያውቅ ይጠየቃል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሊነር ማግዋየርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ የእነዚህ ሹፌሮች ሂፖካምፐስ የተባለው የአእምሮ ክፍል የኋለኛው ወገን ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ትልቅ ሆኖ ተገኝቷል። ሹፌሩ አራት ዓመት የተማረውን እኛ በአራት ቀን ልንዳኘው ስንነሳ፣ የምንፈርደው በከተማዋ ላይ ነው ወይስ በራሳችን ድካም ላይ?

ጸሐፊው "ሰው ሰውን አያይም" ስላሉት ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ስለ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ የሚቀርብ ክስ ነው። የበርሊን ተወላጅ የሆነው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1903 ስለ ትልቅ ከተማ ኑሮ በጻፈው መጣጥፍ፣ የከተሜው ግዴለሽነት ከክፋት የመጣ ሳይሆን ከየአቅጣጫው ከሚወርድበት ድምፅ፣ ምስልና ሰው ራሱን የሚከላከልበት ጋሻ መሆኑን አስረድቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ሚልግራምም በ1970 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቧል፤ በመንገዱ ላይ በቀን ሺህ ሰው የሚያገኝ ሰው ለሺሁም ሰላምታ ልስጥ ቢል ከሰላምታ ሌላ ሥራ አይኖረውም። እኔ ይህን ያነበብሁት ከመጀመሪያው ጉዞዬ በኋላ ስለነበር ደረጃው ላይ አልጠቀመኝም። በሁለተኛው ጉዞዬ ግን በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በቀኝ በኩል መቆም፣ የግራውን ለሚጣደፍ ሰው መልቀቅ እንዳለብኝ አውቄ ነበርና፣ ከፊቴ በግራ ቆሞ መንገድ የዘጋን ሻንጣ የያዘ እንግዳ ሳይ በጥድፊያ "ይቅርታ" ብዬ አለፍሁት። ፊቱን አላየሁትም። ላይ ስደርስ ነው ያ ወጣት ትዝ ያለኝ።

ሁለተኛው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ብዙ የሚባልለት የለም፤ እንዲያውም ከአምስቱ ሁሉ የባሰው እርሱ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ቢያንስ ፍርሃትና መደነቅ ነበሩ፤ በሁለተኛው ሁለቱም ጠፍተው በምትካቸው የመጣ ነገር አልነበረም። ኖርዌያዊው ስቬሬ ሊስጎር እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የቆዩ የአገሩን ምሁራን አነጋግሮ ባወጣው ጥናት፣ የእንግዳ ስሜት መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ መካከል ላይ ወርዶ፣ በስተኋላ እንደገና እንደሚነሳ ጽፏል። ሁሉም ሰው በዚህ መሥመር እንደማይሄድ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ጥናቱም የተሠራው በተቀማጮች ላይ እንጂ ተመላልሰው በሚጎበኙ ሰዎች ላይ አይደለም። ሆኖም ተስፋ የሚቆረጠው በሁለተኛው ጊዜ መሆኑ ከእኔ ልምድ ጋር ስለሚገጥም፣ ሁለት ጊዜ ሄደው በቃኝ ያሉ ሰዎችን ስሰማ ትንሽ አዝናለሁ።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። በዚህ ጊዜ ካርታውን ትቼ በአውቶቡስ ለመሄድ ቆረጥሁ፤ ከተማዋን አውቃታለሁ ባይ ነኝና ካለፈው ጉዞ የተረፉኝን ሳንቲሞች በኪሴ ቆጥሬ ይዤ ተሳፈርሁ። ሹፌሩ ሳንቲሞቹን አየና ራሱን ነቀነቀ። የለንደን አውቶቡሶች ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ መቀበል አቁመው ኖሯል። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ጉርምርምታ ሳያሰሙ ሲጠብቁኝ፣ አንዲት አሮጊት በራሳቸው ካርድ ከፈሉልኝና ሳንቲሙን እንኳ አልቀበልም ብለው ወደ ኋላ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ዘወር ብለው አላዩኝም። ደግነቱና አለማየቱ በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተገናኝተው አየሁ፤ ዚመል ሊነግረኝ የፈለገውን ያን ጊዜ ይበልጥ የተረዳሁት መሰለኝ። ከዚህም ሌላ የተማርሁት ነገር አለ፤ እኛ ብቻ አይደለንም የምንለወጠው፣ በሁለት ጉዞ መካከል ከተማዋም ትለወጣለች። ስለዚህ "ከተማዋን ወደድኋት" ወይም "ጠላኋት" ስንል የትኛዋን ማለታችን እንደሆነ ዓመተ ምሕረቱን መጥቀስ ይገባናል።

በዚያው ጉዞ በየማለዳው ካረፍሁበት ቤት ስወጣ፣ ከወደ ቀኝ በኩል ነጭና ቡናማ ውሻ የሚያስከትሉ አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ለአራተኛ ጊዜ በዚያው ጎዳና ሳርፍ ሽማግሌውም ውሻውም አሉ፤ ውሻው ግን ያነክሳል፤ ሽማግሌው በየጥቂት እርምጃው ቆም እያሉ ይጠብቁታል። በ2023 ለአምስተኛ ጊዜ ስመለስ ሽማግሌውን ብቻቸውን አየኋቸው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ውሻው ይቆምበት ከነበረው ጥግ ሲደርሱም እርሳቸው ቆም አሉ። አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ ስማቸውንም አላውቅም። ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1972 ባቡር በሚጠብቁ ሰዎች ላይ ባደረገው ጥናት እንዲህ ያለውን ግንኙነት "የለመድነው እንግዳ" ብሎ ሰይሞታል፤ በመልክ የምናውቀው፣ በቃል ግን የማናውቀው ሰው ነው። ማልዶ የወጣ መንገደኛ እንዲህ ያለ ሰው ሊኖረው የሚችለው ተመልሶ ሲመጣ ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ስለ ለንደን የተሰማኝ ነገር ፍቅርም ጥላቻም አልነበረም፤ ሐዘን ነበር። ለማናውቀው ከተማ ደግሞ ሐዘን አይኖረንም።

አራተኛውን ጉዞ ያነሳሁት ስለ ሽማግሌው ቢሆንም፣ እኔን በይበልጥ የለወጠኝ ወንዙ ነው። በሦስቱ ጉዞዎች የቴምዝን ወንዝ ቢያንስ ሃያ ጊዜ በድልድይ ተሻግሬዋለሁ፤ ሃያውንም ጊዜ ያየሁት ቡናማ ውኃ ነው፤ ደስ የሚል አልነበረምና አልፌው ሄድሁ። በአራተኛው ጉዞ ግን የምጠብቀው ስብሰባ በመሰረዙ ከብላክፍራየርስ ድልድይ በስተደቡብ ባለው ዳርቻ ላይ ግማሽ ቀን ያህል ተቀመጥሁ። ስቀመጥ ውኃው የድንጋዩን ግድግዳ እየላሰ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀና ስል ውኃው የለም፤ በእርሱ ፈንታ ሰፊ አሸዋና ጠጠር ተዘርግቶ፣ ሁለት ሕፃናት ከአባታቸው ጋር ወርደው ድንጋይ ይለቅማሉ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ወንዙን ወደ ኋላ እየገፋ ይገባል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ በለንደን ድልድይ አጠገብ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ሰባት ሜትር ያህል ይደርሳል። ከተማዋን ከዚህ ሙላት ለመጠበቅም ከ1980ዎቹ ወዲህ ወንዙን ሲያስፈልግ ብቻ የሚዘጋ ትልቅ ግድብ በስተምሥራቅ ቆሟል። ይህ ምሥጢር አይደለም፤ በየመጽሐፉ ተጽፏል። እኔ ግን ሃያ ጊዜ ተሻግሬ አንድም ጊዜ አላየሁትም፤ ምክንያቱም ለማየት ከስድስት ሰዓት በላይ አንድ ቦታ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያ ጉዞው ላይ ያለ ሰው ደግሞ ስድስት ሰዓት የሚያባክንበት ምክንያት የለውም። ውኃው ለምን ቡናማ እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከሥሩ የሚቆፈር ወንዝ እንዴት ይጠራል?

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ "እንግዲህ ከተማን እየለመዱት ሲሄዱ ይወደዳል ማለትህ ነው" ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ሰዎች ምልክቶችን፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላትና ፎቶግራፎችን ደጋግመው ሲያዩ ይበልጥ እየወደዱአቸው እንደሚሄዱ አሳይቷል፤ ይህ ውጤት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ግን በኋላ የተጨመረበት ነገር ነው፤ መጀመሪያውኑ ያልተወደደ ነገር በተደጋገመ ቁጥር ይበልጥ ሊጠላ ይችላል። ስለዚህ መደጋገም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለእኔ ይህን በሚገባ ያስተማረችኝ ፓሪስ ናት።

ፓሪስን እ.ኤ.አ. በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያት ልቤ ተሰረቀ። ገና ሳልሄድ በልቤ ሥዬ የጨረስኋት ከተማ ስለነበረች፣ "የማያውቁት አገር አይናፍቅም" የሚለው የአበው ብሂል በእርሷ ላይ አልሠራልኝም፤ የማላውቀው አገር ለዓመታት ናፍቆኝ ኖሯል። በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበርሁ፤ በ1980ዎቹ በፓሪስ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው የአእምሮ ሐኪም ሂሮአኪ ኦታ፣ በልባቸው የሣሏትን ፓሪስ ሲያጧት የሚታመሙ ጎብኚዎች አጋጥመውት ለሕመሙ የከተማዋን ስም ሰጥቶታል። እኔ አልታመምሁም። ድልድዮቹ፣ እኩል ቁመት ያላቸው ግራጫ ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1853 ጀምሮ ፓሪስን ያስተዳድር በነበረው በኦስማን ዘመን ተጠርገው የወጡት ሰፋፊ ጎዳናዎች ሁሉ እንዳሰብሁት ሆነው አገኘኋቸው። በሁለተኛውም ጉዞ እንዲሁ ነበር።

በሦስተኛው ጉዞ፣ በ2018፣ ጋባዦቼ ያሳረፉኝ ከከተማዋ ቀለበት መንገድ ውጭ በስተሰሜን ባለ ሰፈር ነው። ይህ ፔሪፌሪክ የሚሉት መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በ1973 ዙሪያው የተዘጋ፣ ከተማዋን እንደ ገመድ ያሰራት ነው። በአሮጌው የምሽግ ግንብ ፈንታ የገባ አዲስ ግንብ ብለው ስሕተት አይመስለኝም። በውስጡ ያለችው፣ እኛ ፓሪስ የምንላት፣ ከ1860 ጀምሮ በ20 ወረዳዎች የተከፈለችው ከተማ፣ የሚኖርባት ሕዝብ ከሁለት ሚሊዮን ትንሽ የበለጠ ነው፤ በዙሪያዋ ያለው ክልል ግን ከእርሷ ጋር ወደ 12 ሚሊዮን ይጠጋል። እኔ በሁለት ጉዞ ወደድኋት ስል የወደድሁት ከስድስት ሰው አንዱ የሚኖርበትን ክፍል ነበር። ከንጋቱ በፊት ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ባቡር ስሳፈር ሠረገላው ሞልቶ ነበር፤ ብዙው ሰው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በቆመበት ያንቀላፋል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በዚያው ጣቢያ ስመለስ ከመሃል ከተማ የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚወጡት ፎቶ አንሺ እንግዶች ናቸው። የመሃል ከተማውን ጎዳናዎች ያን ያህል ንጹሕ ሆነው ያገኘኋቸው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ እኛ ሳንነቃ የሚያጸዷቸው እንደነዚያ በባቡሩ ያንቀላፉት ያሉ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ድልድዮቿን እወዳለሁ፤ ቀለበቱን ግን አልወደውም፤ ሁለቱንም ምክንያት አድርጌ ከተማዋን በአንድ ቃል መግለጽ አልችልም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ ደጋግሞ መሄድ ፍቅርን ያበዛል ወይም ይቀንሳል የሚል አይደለም። ደጋግሞ መሄድ ጥቅሉን ስሜት ያፈርሰዋል፤ በፍርስራሹ ላይ ትንንሽ ፍቅሮችና ትንንሽ ጥላቻዎች ይቆማሉ፤ እያንዳንዳቸውም ስምና አድራሻ አላቸው። በመጀመሪያው ቀን "ለንደን" እንላለን፤ በአምስተኛው ጉዞ "ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ያ ጥግ" እንላለን። በእርግጥ የሚጠፋም ነገር አለ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በ2023 አዲሱን የኤልሳቤጥ መሥመር፣ በግንቦት 2022 የተከፈተውን፣ ስሳፈር ጣቢያዎቹ እንደ ትልቅ አዳራሽ ሰፍተው ሳያቸው የመጀመሪያውን ጊዜ መደነቅ ለማግኘት ሞከርሁ፤ አልመጣልኝም። አብሮኝ የነበረ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ወጣት ባልደረባዬ ግን አንገቱን ወደ ጣሪያው ቀልብሶ ቆሞ ቀረ። ቀናሁበት። አዲስ እንግዳ የሚያየው፣ ነባሩ የማያየው ነገር አለና የመጀመሪያው ጉዞ ጽሑፍ ዋጋ የለውም አልልም፤ የምለው ብቻውን አይበቃም ነው።

ይህ ከየት እንደሚመጣም ይገባኛል። ለጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ሄዶ በሳምንቱ ጽሑፉን ማስረከብ አለበት፤ ሁለተኛ ጊዜ ቢሄድ "ስለዚህ ከተማ ጽፈናል" ይባላል። አንባቢም አዲስ ቦታ ይፈልጋል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እንደሚባለው ሁሉ፣ በጥድፊያ የተሰጠ ፍርድም በሌላ ጥድፊያ ይሻራል፤ ያችው ከተማ አምና በአንዱ ጸሐፊ "ገነት"፣ ዘንድሮ በሌላው "ጨካኝ" ትባላለች፤ ሁለቱም አራት አራት ቀን ነው የቆዩት፤ ምናልባት አንደኛው ጫማው ይመቸው ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ ዝናብ ላይ ወጥቶ ይሆናል። አንባቢው ግን ስለ ጫማውም ስለ ዝናቡም የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምን። አንደኛው ቀላል ነው፤ በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ከጸሐፊው ስም ሥር፣ ይህ በከተማዋ ስንተኛ ጉዞው እንደሆነና ስንት ቀን እንደቆየ በአንድ መሥመር ይታተምልን። ይህ ማንንም አያዋርድም፤ አንባቢው የሚያነበውን በምን ሚዛን እንደሚመዝነው ያውቃል። ሁለተኛው ትንሽ ቦታ ይወስዳል፤ አልፎ አልፎ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ቀድሞ ስለ አንድ ከተማ የጻፈ ሰው ወደዚያው ሲመለስ እንደገና እንዲጽፍ፣ የድሮው ጽሑፉም ከአዲሱ ጎን እንዲታተም ቢደረግ፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የምናነብ ሰዎች አለን። ከአንባቢዎቻችሁም መካከል ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ አንዱን ከተማ ደጋግመው የሚያዩ ብዙ ይኖራሉ፤ እንዲጽፉ ብትጋብዟቸው ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ እንደሚገኙ አልጠራጠርም።

የአራት ቀኑን ጽሑፍ ለጻፉት ሰው አንድ ነገር ብቻ ላክልበት። እንደገና ወደ ለንደን ከሄዱ፣ ከሌስተር ስኩዌር ወደ ኮቨንት ጋርደን በእግራቸው ይሂዱ። ሲመለሱ የሚጽፉትን እጠብቃለሁ፤ ከተማዋን ከፊተኛው ይልቅ ጠልተዋት ቢመለሱም እንኳ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ